ሸክምና ሚዛን

ሰው የታሪክ መጽሐፍ ሲከፍት ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው የነገሥታትን ጦርነት፥ የጠቢባንን ፈጠራ፥ የከተሞችን መመሥረትና መፍረስ ነው። ዳሩ ግን ታሪክ ሁሉ በአደባባይ የተደረገ አይደለም። በጓዳ ውስጥ የተፈጸመ፥ ጸሓፊ ሳያገኝ የቀረ፥ ነገር ግን የብዙ ቤት ደስታ የተሰበረበት ታሪክም አለ። እኔ ዛሬ ለወጣት አንባቢዎቼ ላወራቸው ያሰብሁት እንዲህ ያለውን ታሪክ ነው። ይኸውም የማሕፀን መውጣት ስለሚባለው የእናቶች ሕመም፥ የሰው ልጅ ይህን ሕመም ለማዳን በየዘመኑ ስለ ሞከረው ነገር፥ እንዲሁም አንዲት ሴት ከልዩ ልዩ ሕክምና መካከል ለእርሷ የሚሻለውን እንዴት መዝና እንደምትመርጥ ነው።

ምናልባት አንድ ወጣት ወንድ «ይህ የሴቶች ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ገጹን ለመግለጥ ያስብ ይሆናል። ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ፤ እርሱን የሚመለከት ነገር ወደ ኋላ እናገኛለንና። ዓመቶቹንም ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ዳባትን፥ ቀጥሎም ደባርቅን ያገኛል። ደባርቅ የስሜን ተራራዎች በር ናት። ከእርሷ ወዲያ የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል። ተራራው ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስ መዝገብ የተጻፈ ስለ ሆነ፥ ብዙ እንግዳ ዋልያውንና ጭላዳውን ለማየት ከሩቅ አገር ይመጣል። እኔ ግን ወጣቱ አንባቢ ዐይኑን ከገደሉ ጫፍ መልሶ ወደ እግረኛው መንገድ እንዲያወርድ እፈልጋለሁ። በዚያ መንገድ ላይ እንስራዋን በጀርባዋ አዝላ፥ ጎንበስ ብላ ዳገቱን የምትወጣ ሴት ያያል። ከምንጩ ስትመለስ እንጨት፥ ከእንጨቱ ስትመለስ የገብስ ነዶ ወይም የገበያ ጭነት ይጠብቃታል። ጀርባዋ ባዶ የሚሆንበት ሰዓት ጥቂት ነው፤ ከጀርባዋ ጭነት ቢወርድ ልጅ ይታዘልበታልና።

አሁን ስለ ሕመሙ ጠባይ እንናገር። ማሕፀን በቦታው ጸንቶ የሚኖረው ከታች እንደ አልጋ ጠፍር በተዘረጉ ጡንቻዎች፥ ከላይና ከጎን ደግሞ እንደ ገመድ በያዙት ጅማቶች ተደግፎ ነው። ጠፍር ብዙ ጊዜ ከተተኛበት እንደሚረግብ፥ እነዚህም ጡንቻዎችና ጅማቶች በረዥም ምጥ፥ በብዙ ወሊድ፥ በከባድ ሸክም፥ ቶሎ በማይለቅ ሳልና በዕድሜ ብዛት ይላላሉ። በዚያን ጊዜ ማሕፀን ቀስ በቀስ ወደ ታች ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜም ከፊት የሽንት ፊኛን፥ ከኋላ የሰገራን አንጀት አስከትሎ ይወርዳል። ሐኪሞች ይህን መውረድ በአራት ደረጃ ይከፍሉታል። በመጀመሪያው ደረጃ ሴቲቱ አንዳችም ነገር ላታውቅ ትችላለች። በመጨረሻው ደረጃ ግን ማሕፀኑ ፈጽሞ ወደ ውጭ ይወጣል። ያን ጊዜ ወገቧን ይቆርጣታል፤ ሆዷን ወደ ታች የሚጎትታት ይመስላታል፤ መቀመጥና መራመድ ያስቸግራታል፤ ከልብስ ጋር እየተፋተገ ይቆስላል፤ ሽንቷም አንዳንዴ እምቢ ይላታል፥ አንዳንዴም ያመልጣታል። ከባሏ ጋር መተኛትም ሥቃይ ይሆንባታል።

ይህ ሕመም በዳባት ወረዳ ምን ያህል እንደ ተስፋፋ የሚያስረዳ ምርመራ ተደርጓል። በ1954 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ የተቋቋመው የዛሬው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፥ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት የምርምር ጣቢያ አለው። በ2013 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት በዚያው ወረዳ የሚኖሩ 395 ሴቶች ተጠይቀው ነበር። ከእነዚህም ውስጥ ለመመርመር ፈቃደኛ ከሆኑት ከግማሽ የሚበልጡት ሁለተኛ ወይም ከዚያ በላይ ደረጃ የደረሰ መውረድ ተገኘባቸው። የምልክት ስሜት አለን ያሉት ግን እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሕመሙም በቀን አምስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከባድ ነገር በሚሸከሙት፥ ምጥ በረዘመባቸውና በደጋው ገጠር በሚኖሩት ዘንድ በዝቶ ታየ። እንግዲህ የዳገቱ መንገድና የእንስራው ክብደት በሴቲቱ አካል ላይ እንደ ተጻፉ ከዚህ እንረዳለን።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላል ያገራችን ሰው። ሆኖም ይህ ሕመም ከማናቸውም ይልቅ የሚደበቅ ነው። ሴቲቱ ለእናቷ «ወገቤን ያመኛል» ትላለች፤ ለባሏ «ደክሞኛል» ትላለች፤ እውነቱን ግን ለማንም አትናገርም። ጎረቤት ቢሰማ የምታፍር ይመስላታል፤ ባሏ ቢያውቅ የሚፈታት ይመስላታል፤ አንዳንዷም በእርግጥ ተፈትታለች። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች ዓመታት ካለፉ በኋላ ብቻ ወደ ሐኪም ይመጣሉ። በጎንደር ሆስፒታል በተደረገና በ2013 ዓ.ም. በታተመ ሌላ ጥናት፥ በዚህ ሕመም ተይዘው ከመጡት ሴቶች ከሦስት ሁለት እጅ ያህሉ ከሥጋቸው ሕመም በላይ የመንፈስ ጭንቀት ተገኝቶባቸዋል። ጭንቀቱን የወለደው ቁስሉ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል፤ ዝምታውም አብሮ ወልዶታል ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ይህ ሕመም የስሜን ሴቶች ብቻ አይደለም፤ የሔዋን ልጆች ሁሉ ነው። ስለዚህ ጥቂት ወደ ሌላው ዓለም ተሻግረን፥ ሰዎች እንዴት ሊያድኑት እንደ ሞከሩ እንመልከት። በጥንታዊት ግሪክ ዘመን ከነበሩት ሐኪሞች አንዳንዶቹ ሴቲቱን እግሯን በመሰላል ላይ አስረው ቁልቁል ይዘቀዝቋትና ማሕፀኑ ወደ ቦታው እንዲመለስ ይጠብቁ ነበር። ኤውሪፎን የተባለው ሐኪም አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እንዲህ ተሰቅላ እንድትቆይ ያዝዝ ነበር ይባላል። ሌሎቹ ደግሞ ሮማን የተባለውን ፍሬ ለሁለት ከፍለው ግማሹን እንደ ውታፍ ይጠቀሙበት ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የተነሣው የኤፌሶኑ ሶራኑስ ግን ይህን ሁሉ ነቀፈ። መሰቀሉ ሴቲቱን ማሠቃየት መሆኑን፥ ሮማኑም ደረቅና ጎጂ መሆኑን ገልጾ፥ በእርሱ ምትክ ለስላሳ የበግ ጠጉር በመድኃኒት ነክሮ መደገፍን መረጠ። ወጣቶች ሆይ፥ ልብ በሉ፤ ሕክምና ወደ ፊት የተራመደው ሶራኑስ አዲስ መሣሪያ ስላገኘ አይደለም፤ የታማሚዋን ሥቃይ እንደ ቁም ነገር ስለ ቈጠረው ነው።

ከዚያ በኋላ ብዙ መቶ ዓመታት አለፉ። በ1813 ዓ.ም. ኮንራድ ላንገንቤክ የተባለ የጀርመን ሐኪም አንዲት ሴት ማሕፀኗን በብልቷ በኩል ቀዶ አወጣላት። ማደንዘዣ መድኃኒት ገና አልታወቀም ነበርና የሴቲቱን ሥቃይ መገመት አያቅትም። የሞያ ጓደኞቹ ወሬውን አላመኑትም፤ ያመኑት ሴቲቱ ከሃያ ዓመት በላይ ኖራ ከሞተች በኋላ ሬሳዋ ሲመረመር ነው ይባላል። ከ1845 እስከ 1849 ዓ.ም. ደግሞ በአሜሪካ ጄምስ ማሪዮን ሲምስ የተባለ ሐኪም የፊስቱላን ቀዳዳ መስፋት የተማረው አናርካ፥ ሉሲና ቤትሲ የሚባሉትን ባሪያዎች ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ በመቅደድ ነው። ሲምስ ዝናን አገኘ፤ ሴቶቹን ግን ይስማሙ እንደ ሆነ የባርነት ሕግ አልጠየቃቸውም። በ1877 ዓ.ም. ለፎር የተባለ ፈረንሳዊ የወረደውን ክፍል በመስፋት ብልቱን የሚዘጋ ቀዶ ሕክምናን ገለጸ። በ1888 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ከተማ በሆነችው በማንችስተር አርቺባልድ ዶናልድ ማሕፀኑን ሳያወጣ ጠግኖ መመለስን ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. አሜሪካዊው አርኖልድ ኬግል ያለ ቢላዋ፥ የታችኛውን ጡንቻ በማሠራት ብቻ ብርታቱን መመለስ እንደሚቻል አስተማረ።

በቅርቡ ዘመን የተደረገውም ትምህርት ይሰጠናል። ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ለዚህ ሕመም በብልት በኩል የሚገባ የፕላስቲክ መረብ በስፋት መሸጥ ጀምሮ ነበር። አዲስና ጠንካራ ነው ተብሎ ተመሰገነ። ዳሩ ግን በብዙ ሴቶች ላይ ሥጋን እየበላ፥ ሥቃይና መድማት እያመጣ ተገኘ። በመጨረሻም በሚያዝያ ወር 2019 ዓ.ም. የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ለዚህ ሕመም እንዳይሸጥ አገደው። እንግዲህ አዲስ የሆነ ሁሉ የተሻለ እንዳልሆነ፥ ጥንታዊ የሆነም ሁሉ የተጣራ እንዳልሆነ ከዚህ ታሪክ እንማራለን። ሁሉም በሚዛን መመዘን አለበት።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ1959 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካተሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ለመሥራት መጡ። በረዥም ምጥ ምክንያት ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስባቸውን፥ የፊስቱላ ሕመምተኞች የሚባሉትን ሴቶች አይተው አዘኑ፤ የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልንም አቋቋሙ። የፊስቱላ ሕመምተኛ ሆና መጥታ፥ ድና በዚያው የቀረችውና ራሷ የተመሰከረላት ቀዳጅ የሆነችው ማሚቱ ጋሼ የአገራችን ኩራት ናት። ካተሪን ሃምሊንም በ2020 ዓ.ም. እስክታርፍ ድረስ ኑሮዋን ከእኛው ጋር አደረገች። የማሕፀን መውጣት ግን የፊስቱላ ታናሽ እኅት ሆኖ በጥላ ሥር ቆየ። ሁለቱ ልዩ ልዩ ሕመሞች ናቸው፤ ፊስቱላ ቀዳዳ ነው፥ ይህኛው መላላት ነው። የሚያመሳስላቸው ኀፍረቱ ነው። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ሁለቱም ይታከማሉ፤ ከደባርቅና ከዳባት ገጠር የሚመጡትም በዚያ ተቀዶ ሕክምና ድነው የተመለሱ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ቁም ነገር ደረስን። አንዲት ሴት ኀፍረቷን አሸንፋ ከሐኪም ፊት ብትቀርብ፥ በፊቷ የሚዘረጋላት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። እኔ ሐኪም ስላልሆንሁ ማዘዝ አልችልም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ምን ምን እንደሚይዝ ማሳየት እችላለሁ።

የመጀመሪያው መንገድ መጠበቅ ነው። ሕመሙ ቀላልና የማያስቸግር ከሆነ፥ እየተመረመሩ መቆየት ስንፍና አይደለም፤ ጥበብ ነው። ወርዶ የተገኘ ሁሉ ይቀደድ የሚል ሐኪም የለም። ነገር ግን እያወቁ መጠበቅና እየደበቁ መጠበቅ የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛው ጡንቻን ማሠራት ነው። ሴቲቱ ሽንት እንደሚይዝ ሰው የታችኛውን ጡንቻ ጨምቃ ጥቂት ትቈጥርና ትለቃለች፤ ይህን በየቀኑ ደጋግማ ለወራት ታደርገዋለች። በ2014 ዓ.ም. በእንግሊዝ፥ በኒው ዚላንድና በአውስትራሊያ 447 ሴቶች የተካፈሉበት ጥናት እንዳሳየው፥ በባለሞያ እየተረዱ ይህን ያደረጉት ከአንድ ዓመት በኋላ ምልክታቸው ቀንሶላቸዋል። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። ፈጽሞ የወጣውንም አይመልሰውም።

ሦስተኛው ቀለበት ነው። ዛሬ ከሲሊኮን የሚሠራ ለስላሳ ቀለበት በውስጥ ገብቶ ማሕፀኑን ይደግፋል። ይህ የሶራኑስ የበግ ጠጉር የልጅ ልጅ ነው ማለት ይቻላል። ሳይቀደዱ ወዲያው ዕረፍት ይሰጣል። ነገር ግን እየወጣ መታጠብ፥ በየወራቱም መመርመር አለበት፤ ቸል ከተባለ ያቈስላል። ስለዚህ ውኃና ጤና ጣቢያ ከሩቅ ለሆነባት ሴት ይህ ነገር በሚዛኑ ላይ መቀመጥ አለበት።

አራተኛው ቀዶ ሕክምና ነው። ማሕፀኑን ማውጣት፥ ወይም ሳያወጡ ከጅማቱ ጋር ሰፍቶ ማንጠልጠል፥ ወይም ለአረጋዊት ሴት እንደ ለፎር ፈጽሞ መዝጋት ይቻላል። ለከባዱ ደረጃ ይህ ታላቅ ዕረፍት ነው። በጎንደር ታክመው በኋላ የተጠየቁት ሴቶች ኑሯቸው እንደ ተለወጠ፥ ጭንቀታቸውም እንደ ቀለለ በ2021 ዓ.ም. የታተመ ጥናት ይመሰክራል። ነገር ግን የመድማትና የመመርቀዝ አደጋ አለው፤ ሕመሙም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሊመለስ ይችላል፤ ማሕፀኗ የወጣ ሴትም ከእንግዲህ አትወልድም።

ለምሳሌ ሁለት ሴቶችን በሐሳባችን እንውሰድ። አንደኛዋ የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ናት፤ ሁለት ልጆች ወልዳለች፥ ሌላም ትመኛለች፤ ሕመሟ መካከለኛ ነው። ሁለተኛዋ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ባሏ ሞቷል፤ ማሕፀኗ ሙሉ በሙሉ ወጥቶ መቀመጥ ተስኗታል። ለአንደኛዋ ቢላዋው ቸኩሎ ቢቀርብ፥ ያልወለደችውን ልጅ ይወስድባታል፤ ለእርሷ የጡንቻው ሥራና ቀለበቱ ይቀድማሉ። ለሁለተኛዋ ግን «ጡንቻሽን አሠሪ» ማለት ማሾፍ ይሆናል። የሕመሙ ስም አንድ ነው፤ ሚዛኑ ግን ሁለት ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደ ተባለ፥ ሳይጠይቁ የተቀበሉት ሕክምና ጸጸትን ያመጣል። ስለዚህ ሴቲቱ ሐኪሟን እንዲህ ብላ ትጠይቅ፤ «ደረጃዬ ስንት ነው? ብጠብቅ ምን ይደርስብኛል? ከዚህ በኋላ መውለድ እችላለሁን? ቢመለስብኝስ? ስንት ቀን እተኛለሁ? መቼስ እሸከማለሁ?» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ መብቷ ነው።

ጠበሉንም በሚመለከት አንድ ቃል ልናገር። ብዙዎች አስቀድመው የሚሄዱት ወደ ጠበል ነው። እምነት ለተጨነቀ ልብ ጽናት እንደሚሰጥ አልክድም። ጠበል መጠመቅና ሐኪም መጠየቅ ግን አይጣሉም። ሁለቱን ያጣላ ሰው የሕመምተኛዋን መንገድ ያስረዝመዋል።

ከመጠይቆቹ ሁሉ የመጨረሻው፥ «መቼስ እሸከማለሁ?» የሚለው፥ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ቀዶ ሕክምና የተደረገላት ሴት ቢያንስ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳታነሣ ይነገራታል፤ ወደ ፊትም እንድትጠነቀቅ ትመከራለች። ከዚያ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ምንጩ ያው ነው፤ ዳገቱ ያው ነው፤ እንስራውም በደጁ ቆሞ ይጠብቃታል። ከሕክምናው በኋላ በአማራ ክልል የተጠየቁ ሴቶች ደስታቸውን ከገለጹ በኋላ የሚያነሡት ሥጋት ይኸው ነው፤ ካልሠሩ ቤቱ ይጎድላል፥ ከሠሩ ሕመሙ ይመለሳል። እንግዲህ ሐኪሙ የሰፋውን የሚፈታው ማን ነው? ቤተ ሰቡ ነው። ሐኪሙ የሰፋውን የሚጠብቀውስ ማን ነው? እርሱም ቤተ ሰቡ ነው።

አንተ ወጣት ወንድ ሆይ፥ ታገሠኝ ያልሁህ ለዚህ ነው። ሚዛኑ ላይ ከቢላዋውና ከቀለበቱ ጋር ያንተም ጀርባ ተቀምጧል። እናትህ ወይም ሚስትህ ሕክምናዋን ስትመርጥ፥ «ውኃውን ማን ይቀዳ?» የሚለው ጥያቄ መልስ ካላገኘ ምርጫዋ ነጻ ምርጫ አይደለም። ውኃ መቅዳት ለወንድ ነውር ነው የሚል ካለ፥ የናቱን ወገብ መስበር ነውር እንዳልሆነ ያስረዳን። አህያ ባለበት ቤት እንስራ በሴት ጀርባ ለምን ይወጣል? አራስ ሴትስ ቀኗ ሳይሞላ ለምን ወደ ምንጭ ትላካለች? ይህን ለመለወጥ ሆስፒታል መሥራት አያስፈልግም።

አንቺም ወጣት ሴት ሆይ፥ ማንበብና መጻፍ ማወቅሽ ለደብዳቤ ብቻ አይሁን። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል፤ እነርሱን ጠይቂ። እናትሽ «ወገቤን» ስትል ከወገቧ በታች ያለውንም በእርጋታ ጠይቂያት። ባንቺ በኩል ስሙ በግልጽ ከተጠራ ኀፍረቱ ግማሽ ኀይሉን ያጣል። ምጥም ሲረዝም በቤት ከመጠበቅ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ፥ ይህን ሕመም ከምንጩ ይቀንሰዋል።

ሁለት ሺህ ዓመት በሚሆን ታሪክ ውስጥ ሐኪሞች ሴቲቱን በመሰላል ዘቀዘቋት፤ በሮማን ወተፏት፤ ሳይጠይቋት ቀደዷት፤ በፕላስቲክ መረብ አቈሰሏት። የተሻለው ነገር ሁሉ የመጣው «አንቺስ ምን ይሰማሻል? ምንስ ትፈልጊያለሽ?» የሚል ሰው በተነሣ ጊዜ ነው። ይህን ጥያቄ ለመጠየቅ ደግሞ ሐኪም መሆን አያሻም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ አባቶቻችን። በስሜን ዳገት ላይ የምትወጣዋ እናት የተሸከመችው ሎሚ አይደለም፤ ሸክሙን የሚከፋፈላት ግን ሃምሳ ሰው አያስፈልጋትም። በቤቷ ካሉት አንዱ ቢነሣ ይበቃታል።